ከመውደቋ በፊት ያለው ግማሽ ደቂቃ

ሐኪሙ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከመውደቋ በፊት ምን አደረገች?»

የሚጥል በሽታ ያለባትን ታናሽ እህቴን አራት ዓመት ያስታመምኩ ሰው ነኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። በሽታው ሊጥላት ሲል እኔ ክብሪት ፍለጋ ወደ ጓዳ ነው የምሮጠው። ክብሪት ማሽተት ምንም እንደማይፈይድ የሰማሁትም ያን ዕለት ነው።

ለካ እኛ የምንደነግጥበት መንቀጥቀጥ ለሐኪም ብዙ አይናገርም። ያኔ የኤሌክትሪክ ሁከቱ መላውን አንጎል አዳርሷል፤ ከየትም ቢነሳ መልኩ ይመሳሰላል። የሚናገረው አጀማመሩ ነው። ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የአንጎል ማንሻ መሣሪያ በሌለበት፣ ከጣት ተነስቶ ወደ ክንድና ወደ ፊት የሚጓዘውን መንቀጥቀጥ እየተከታተለ አንጎል ውስጥ ያለውን መነሻውን ይገምት ነበር። እኔ ደግሞ ስልክ አለኝ።

የመጀመሪያው ቪዲዮዬ ከንቱ ሆነ፤ ፊቷን ብቻ አስጠግቼ ስቀርጽ እጆቿ ቀሩ። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሜ «ቀኝ እጇ ደረቀ» ብዬ የጻፍኩት በራሴ ቀኝ በኩል ያለውን፣ ማለትም የእሷን ግራ እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግራ አንጓዋ ላይ ቀይ ክር አሰርንላት።

ሦስተኛው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ከቤት አስወጥቶን በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። «ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ጉሮሮዬ እየወጣ ነው» አለች። እናታችን ይህን ለዓመታት የረሃብ ነው እያለች ቁራሽ ስታቀብላት ኖራለች። ዐይኗ ፈዘዘ፤ አፏ ባዶውን ማላመጥ ጀመረ። ቀኝ እጇ የነጠላዋን ጥለት ይነካካል፤ ክር ያለበት እጇ ግን ተጣሞ ደርቋል። አንገቷ ወደ ግራ ተጠመዘዘ፣ አገጯ ትከሻዋን ነካ፤ መንቀጥቀጡ ከዚያ በኋላ መጣ። ስልኩን ለእናቴ ሰጥቼ እህቴን በጎኗ አስተኛኋት። ስትነቃ በቀኝ እጇ አፍንጫዋን ጠረገች።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ሦስት ጊዜ አዩት። ከሆድ የሚነሳው ስሜትና ማላመጡ ብዙውን ጊዜ ከጆሮ በላይ ካለው፣ ቴምፖራል ከሚባለው የአንጎል ክፍል ይመጣሉ አሉኝ። የሚጣመመው እጅ በአብዛኛው ከመነሻው ተቃራኒ ነው፤ የሚነካካውና አፍንጫ የሚጠርገው እጅ ግን በመነሻው ወገን ያለው ነው። አንገት ከመንቀጥቀጡ ልክ በፊት በግድ ሲጠመዘዝ መነሻው በተቃራኒው በኩል ነው፤ ቀደም ብሎ በዝግታ ቢዞር ግን ብዙ እምነት አይጣልበትም። አንዱ ምልክት ብቻውን ያሳስታል። የእህቴ ግን ሁሉም አንድ ወገን ጠቆሙ፦ ቀኝ ቴምፖራል።

ቀድሞ የተነሳችው ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ንጹሕ ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር። መናድ፣ ማለትም በሽታው የሚጥልበት ሁኔታ፣ በሌለበት ሰዓት የተነሳ ኢኢጂ ንጹሕ መሆኑ በሽታውን እንደማያስቀር ማን ነግሮን! አዲስ አበባ ሄደን በእንቅልፏ ጭምር ሲነሳ ግን የሾሉት ሞገዶች በቀኝ በኩል ታዩ። መድኃኒቷም ተቀየረ።

መናዱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ተራርቋል። ባለፈው ወር ሲጥላት እኔ ሰዓቱን እያየሁ አጠገቧ ነበርኩ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «በቀኟ ነው የጠረገችው፣ ጻፍ!» አለችኝ።