ባለ ሦስት ዓይኑ ቀበሮ

መንዝ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የቡድን ሥራ ስሰጥ ምን እንደሚመጣልኝ አስቀድሜ አውቃለሁ። አንድ ለአምስት ይቀመጣሉ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ አንዷ እርሳስ ትቀርጽለታለች፣ የቀሩት ከወረቀቱ ጀርባ ስማቸውን ይጽፋሉ። ሒሳብ ላይ እንደምንም ይታለፋል። ሥዕል ላይ ግን ያስቃል፤ ስድስት ስም የሰፈረበት፣ በአንድ እጅ የተሣለ ጎጆ በየዓመቱ ይደርሰኛል። ጎጆዋም ያቺው ናት፦ በሩ መሀል ላይ፣ ፀሐይዋ በስተቀኝ።

ባለፈው ዓመት የክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜዬን ለካሬ ሥዕል ያዋልኩት ይኼ ሰልችቶኝ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። 16 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ሥዕል ይዘጋጃል፤ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ሲሰመርበት ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 6፣ በድምሩ 48 ካሬ ይሆናል። የክፍሌ ልጆችም 48 ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን ካሬ 20 በ20 በሆነ ወረቀት ላይ አሥር እጥፍ አሳድጎ ይሥላል፤ ሁሉም ሲገጣጠም 160 በ120 የሆነ ትልቅ ሥዕል ይወጣል። የዘዴው ብልኃት ልጁ እጅ ላይ የሚደርሰው ቁራጭ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አለመታወቁ ነው። አንድ ጥምዝ መስመርና ትንሽ ጥላ ነው፤ የለመዳትን ጎጆ ሊያወርድበት አይችልም።

ሥዕሉ ጓሳ ይሁን ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሌላ ምን ይሉ! ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር የሣር አገር ነው፤ አያቶቻቸው ለዓመታት እየዘጉ፣ በስምምነት እየከፈቱ እስከ ዛሬ አቆይተውታል። ከላይ ጋራውና ጭላዳዎቹ፣ ከታች በጎቹ፣ መሀል ላይ ፊቱን ወደኛ ያዞረ ቀይ ቀበሮ እንዲሆን ተስማማን። ከመጀመራችን በፊት አንኮበር በ1925 ዓ.ም. ስለተወለደው ስለ አፈወርቅ ተክሌ ነገርኳቸው፤ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የመስታወት ሥዕሉ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ እሱም ከብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው አልኳቸው። አንዱ ወዲያው “የኛ ክፍል ስንት ካሬ ሜትር ነው?” ብሎ መለካት ጀመረ። ያ ክፍለ ጊዜ በዚያው አለቀ።

ቀለም የለንም። ከሰል፣ እርድ፣ ቀይ አፈርና የቡና አተላ ሠሩልን። ለበጎቹ ደግሞ እናቶች ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለማሠራት ከፈተሉት የተረፈ የበግ ፀጉር ላኩ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ማንም ቀለም ያልነከረው። በዱቄት ሙጫ ለጠፍነው። ከሩቅ ሲያዩት እውነተኛ በግ ይመስላል፤ ከቅርብም ይሸታል።

የመጀመሪያውን መገጣጠም ወለሉ ላይ አደረግነው። የጋራው ጫፍ እንደ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። አንዱ በግ እግሮቹ ከገላው ሁለት ጣት ርቀው ቆመዋል። ቀበሮው ጋ ስንደርስ ግን ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሦስት ዓይን አለው። የካሬው መስመር በአፍንጫው መሀል ስለሚያልፍ ግራው ፊት ለአንድ ልጅ፣ ቀኙ ለአንዲት ልጅ ደርሶ ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀይ ምላስ አውጥቶ በአንድ ዓይን ሥሎታል። እሷ ደግሞ እሷ ጋ የደረሰው አንድ ዓይን ብቻ መሆኑ አላጠግባት ብሎ ሁለተኛውን ጨምራለች።

የወላጆች ቀን ቀርቦ ነበርና ርዕሰ መምህራችን ገብተው አዩት። ትንሽ ዝም አሉና “ይኼንን ለጎበዙ ልጅ ስጠው፤ ባንድ ከሰዓት ያስተካክልልሃል” አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ከወረዳ እንግዳ ይመጣል፣ ግድግዳው ያሳስባቸዋል። “አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡኝ” አልኳቸው። ሰጡኝ።

ሁለቱን ልጆች ቀበሮው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ልጁ የቄስ ልጅ ነው።

“ቲቸር፣ ክፉ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሰይጣኑ አንድ ዓይን ነው ያለው።”

እውነቱን ነው። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን። ማንም አላስተማረውም፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያየው ነው። ልጅቷ ግን በግ ጠባቂ ናት።

“ቀይ ቀበሮ ምን አደረገ? እሱ አይጥና ፍልፈል ነው የሚበላው። በጎቻችን መሀል ሲያልፍ ቀና ብለውም አያዩትም።”

“የኛን ግልገል ማን በላው ታዲያ?”

“ሌላው ቀበሮ ነዋ!”

እዚህ ላይ ገባሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም እንደማይገኝ፣ የቀረው ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ እንደሚቆጠር፣ አልፎ አልፎ ግልገል ቢነካም ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ ሰጠሁ፦ የሰው ካሬ ላይ ማንም እርሳስ አያሳርፍም፤ ከድንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ግን የሁለቱም ነው፣ ሁለቱም አብረው ካልተቀመጡ አይነካም።

ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ዓይኑ ሁለት እንዲሆን ልጁ ፈቀደ፤ ምላሱን ግን አልለቅም አለ። ምላሱ ፊት ለፊት ሲዞር ደግሞ ካሬው አልበቃውም፤ ወደ ታች፣ ሦስተኛ ልጅ ካሬ ውስጥ መውረድ አለበት። የሦስተኛው ልጅ ካሬ ሣር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ነው፤ በአንድ ለአምስት ስሙን ከሚጽፉት። አሁን ሁለት ሰው መጥቶ እየለመነው ነው።

“እኔ ሣር ላይ ምላስ አላወርድም” አለ።

ለመኑት፤ እንቢ አለ። ቆይቶ ዋጋውን ተናገረ፤ ሣሩ ውስጥ አይጥ መሣል ይፈልጋል። ልጅቷ እጇን አጨበጨበች። የቄሱ ልጅ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ያቺ አይጥ ከምላሱ ሥር ከገባች ቀበሮው የሚበላው ምን እንደሆነ ክርክሩ አልቋል። ቢሆንም ምላሱን ይወዳትና ተስማማ።

ጎበዙ ልጅ የባሰ ተቸገረ። የደረሰው የጋራው ካሬ ከሁሉ ያማረ ነበር፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ግን አይገጥምም፤ ጋራውን ዝቅ ማድረግ ግዴታው ሆነ። ውጤቱን ከአሥር አምስቱን ለካሬው፣ አምስቱን ለጠርዞቹ ሰጥቼ ስለነበር ሰባት ደረሰው፤ እናቱም መጡ። “ልጄ ነው እንዴ በሥዕል የሚበለጠው?” አሉ። ግድግዳው ጋ ወስጄ ካሬውን እንዲያገኙት ጠየቅኳቸው። ወዲያው አገኙት፤ ብቻውን ነበር የሚታየው። “እህ” አሉና ሄዱ። ደስ እንዳላቸው እርግጠኛ አይደለሁም።

ዘንድሮ አሠራሩን ትንሽ ለውጫለሁ። ሥራው ሳይጀመር ጎረቤታሞች መስመሩ ድንበራቸውን የሚያቋርጥበትን ቦታ በማስመሪያ ለክተው፣ ሁለቱም ወረቀት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ይኼ የበጎቹን እግር ያድናል። ሁሉንም ድንበር ግን በነጥብ አላስርም። ባለፈው ዓመት ሥዕሉ አጠገብ የተነገረው ቁም ነገር በሙሉ የተነገረው ጠርዝ ላይ ነው፤ ካሬው መሀል እያንዳንዱ ለብቻው አጎንብሶ ነበር። ስለዚህ ዋናው ነገር፣ ፊት ወይም እጅ የሚያልፍበትን ድንበር፣ ሆን ብዬ ክፍት እተወዋለሁ። ባልደረቦቼ “ክፍልህ ይጮኻል” ይሉኛል። ይጮኻል።

ሥዕሉ ለወላጆች ቀን ተሰቀለ፤ እንግዶቹም ፎቶ ተነሡበት። ክረምቱ ሲገባ ግን የዱቄት ሙጫው አይጥ ጠራ። መስከረም ላይ ስንመለስ በጎቹ ግማሽ ፀጉራቸውን አጥተው፣ ዳለቻው እስከ ወረቀቱ ተበልቶ አገኘነው። አምስተኛ ክፍል የገቡት ልጆች ሊያዩ መጡ። የቄሱ ልጅ ከላይ እስከ ታች ተመለከተውና ወደ ልጅቷ ዞረ።

“አይጥ ነው የሚበላው አላልሽም? ምን ሲሠራ ከረመ ታዲያ?”