«ደህና ነኝ፣ ነገ እገባለሁ»

የስፔናዊው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ የማርክ ማርኬዝ አድናቂ ነኝ። ሄልሜቴ ላይ የሱን 93 ቁጥር ለጥፌአለሁ። ሥራዬም ሞተር ላይ ነው፤ ምግብ አደርሳለሁ። እሱ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፣ እኔ ፒዛው እንዳይቀዘቅዝ እበራለሁ። ልዩነታችን የደመወዝ ብቻ ነው እያልኩ ጓደኞቼን አስቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ከሳሪስ ወደ ጎተራ ስመጣ ከፊቴ ያለ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ድንገት ጥግ ያዘ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ከሥሬ ሸሸ። ቀኝ እጄን አስቀድሜ ወደቅሁ፤ አንጓዬ ተሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አስሮ «ስድስት ሳምንት» አለኝ። እማዬ ደግሞ ወጌሻ ካልወሰድኩህ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ከረመች።

በአራተኛው ሳምንት አለቃዬ ደወለ።

«እጅህ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነኝ፣ ነገ እገባለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በቃ ና።»

እውነቱን ለመናገር አላስገደደኝም። የቤት ኪራይ ነው ያስገደደኝ። ማታውኑ ጀሶውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ በቢላ ላጥኩት። (እንዳትሞክሩት።) በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ሰላም ነበር። ከዚያ አንድ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑን ልጨብጥ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ቀስ ብዬ፣ እያየሁት፣ የቆመ መኪና ኋላ ላይ ተለጠፍኩ። መብራቱ ረገፈ። ራጅ ስነሳ አጥንቱ ከቦታው ለቋል። በዚህኛው ዙር ጀሶ አልበቃም፣ ብረት ገባልኝ።

የሚያናድደኝ የማርኬዝን ታሪክ አስቀድሜ ማወቄ ነው። በቃሌ ነው የማውቀው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2020፣ ስፔን፣ ሄሬዝ። ማርኬዝ የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድር ገና ሲጀምር ከመንገድ ወጥቶ ጠጠር ውስጥ ገባ። እንደምንም ሳይወድቅ ተመለሰና ከኋላ ተነስቶ አንድ በአንድ እየቀደመ 3ኛ ደረሰ። ሰውየው እንዲህ ነው፤ ያለውን ይዞ መጨረስ አያውቅም። ጥቂት ዙር ሲቀር ሞተሩ አሽቀንጥሮ ጣለው፣ የገዛ ጎማውም ክንዱን መታው። የቀኝ ክንዱ አጥንት ተሰበረ። ሞተር ለማይነዳ ሰው ልንገር፦ ጋዙም የፊት ፍሬኑም በቀኝ እጅ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ባርሴሎና ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ አጥንቱ በብረትና በብሎን ታሰረ። ሐሙስ ሐኪሞች አይተውት «መንዳት ይችላል» አሉ። ቅዳሜ ሞተር ላይ ወጣ። በአራት ቀን! ዓለም አጨበጨበ፣ እኔም ቪዲዮውን ለስንቱ ላክሁ። ግን አልቻለም፤ የዚያኑ ዕለት ራሱ ወረደ። ሳምንት እንኳ ብዙም ሳያልፍ፣ ቤቱ ውስጥ መስኮት ሲከፍት ክንዱ ውስጥ ያለው ብረት ተሰበረ። ያን ሁሉ ፍጥነት ችሎ በመስኮት! ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና፣ ታኅሣሥ ላይ ሦስተኛ። አጥንቱም አመርቅዞ ተገኘ። ዓመቱ እንዳለ ተበላ።

በ2021 ሚያዝያ ሲመለስ ፖርቱጋል ላይ 7ኛ ወጣ፣ ከሞተር ወርዶም አለቀሰ። ጀርመን ዛክሰንሪንግ ላይ አሸነፈ እንጂ ክንዱ ልክ አልነበረም። አጥንቱ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ነበር የገጠመው። በ2022 አሜሪካ ሄዶ ቆርጠው አዙረው መለሱለት፤ አራተኛው መሆኑ ነው። ከ2019 ዋንጫው በኋላ የሚቀጥለውን የሞቶ ጂፒ (የዓለም የሞተር ብስክሌት ውድድር) ዋንጫ ያገኘው መስከረም 28 ቀን 2025 ጃፓን፣ ሞቴጊ ላይ ነው። ስድስት ዓመት!

ያን ጊዜ ተጣድፎ መመለሱ ስህተት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እኔ ግን ሐኪሞቹ ላይ ነው የምናደድ። ሻምፒዮን «ትችላለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን እንዲል ነው? ኪራይ ያለበት ሞተረኛስ?

ሞቴጊ ላይ በነገሠ በሳምንቱ ኢንዶኔዥያ ላይ ሌላ ተወዳዳሪ ከኋላ መጥቶ ገጨው። ተጎዳ የተባለው ያው ቀኝ ጎኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ትከሻው። አራት ውድድር ይቀር ነበር። አንዱንም አልነዳም። ዜናውን ያነበብኩት ፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ፣ የላስቲክ ኳስ እየጨመቅኩ ነው።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ ደወለ። የሐኪሙን ስልክ ሰጠሁት። የመኪናው መብራት ዕዳ ግን ገና አላለቀም።