አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የግቢ ዝግጅት በቡና ሲለካ

ጅማ ውስጥ፣ ትንሽ ግቢ ላይ የባህልና የውይይት ዝግጅት ሳሰናዳ መርሐ ግብሩን የምከፋፍለው በቡና ነው። መምህሩ በአቦል ይናገራል፣ አባቶችና እናቶች በቶና፣ ጥያቄው ለበረካ ይቀመጣል። ርዕሱ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ስለዘለቀው አገዛዛቸውና ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለማቆየታቸው መምህሩ ያስረዳል። ድሮ በሂርማታ ገበያ የትኛው ጥግ ምን ይሸጥበት እንደነበር የሚያውቁት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቶና የማይነካ ሰዓታቸው ካልሆነ መምህሩ ሳያስበው ይበላባቸዋል።

ለ120 ሰው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና እይዛለሁ፤ ሲቆላ ወደ 800 ግራም ይወርዳል። 1.5 ሊትር የሚይዝ ጀበና 20 ሲኒ ገደማ ስለሚቀዳ 6 ጀበና ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ 100 ግራም። የቀረው 200 ግራም ለቶናና ለበረካ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ውሃ ብቻ ከተጨመረ በረካው ይቀጥናል። አንድ ምጣድ ላይ ከ200 ግራም በላይ ከተደረገ ከሥር ያለው ሲያር የላዩ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ አብዛኛው ከዋዜማው ማታ ይቆላና የመጨረሻው ምጣድ ብቻ እንግዳ ፊት ይቀርባል፣ ሽታው እንዲዞር። ውቀጣው ንግግሩ ሳይጀመር ማለቅ አለበት፤ የዘነዘና ድምፅ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል።

የሚያዘገየው ውሃው ነው። ስድስት ጀበና በቀዝቃዛ ውሃ ከሰል ላይ ከተጣደ አቦሉ ሳይደርስ ንግግሩ ያልቃል። ውሃውን አስቀድሜ አፍልቼ በፔርሙስ እይዛለሁ። ጀበናው ከፈላ በኋላም ማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ ለአራት አምስት ደቂቃ ካልሰከነ የመጀመሪያዎቹ ሲኒዎች አተላ ይዘው ይወጣሉ። ምድጃዎቹ በረንዳ ላይ ይሁኑ። ዝግ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ምድጃ ከሰል ራስ ያዞራል፤ ጋዙ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይታመማል። ውስጥ አንድ ምድጃ፣ እሱም ክፍት በር አጠገብ።

ለሚያፈሉት ሴቶች ይከፈላቸው። ሴት ተማሪዎችን በነጻ ማሰለፍ ልክ አይደለም፤ ውይይቱ ያመልጣቸዋል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ አለ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ከሰዓት በኋላ የማልደፍረው በዝናቡ ምክንያት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የትኛውም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም። ሁለት ማጉያ ፊት ለፊት ከማስጮህ አራት ትንንሾችን በአዳራሹ ግራና ቀኝ መደርደር ይሻላል፤ ማይክሮፎኑም ከማጉያዎቹ ኋላ ከሆነ አይጮህም። ወንበሮቹ ረከቦቱን ከበው በግማሽ ክብ ይቀመጡ፣ መደገፊያ ያላቸው ለአረጋውያን። ለቁርስ ቆሎና ቅቤ ያልነካው ዳቦ ሁሉንም ያስማማል።

ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ሰው የሚመጣው የእድር ዳኛው በስብሰባ ሲናገርለት ነው፤ ስለዚህ ከወር በፊት ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቋንቋውም ይታሰብበት። አፋን ኦሮሞና አማርኛ በየዓረፍተ ነገሩ ከተተረጎሙ የ20 ደቂቃ ንግግር 40 ይሆናል። እኔ በየዙሩ መሐል፣ ሲኒ ሲለቃለቅ፣ የሦስት ደቂቃ ማጠቃለያ በሌላኛው ቋንቋ አስነግራለሁ።

ለኤግዚቢሽን ከየቤቱ የሚመጣ ሞሰብ፣ በርጩማ፣ የፈረስ ዕቃ ሲገባ ፎቶ ይነሳል፤ ቀድሞ የነበረው ስንጥቅ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ባለቤቱም ይፈርማል። የሚመለሰው በዚያው ቀን፣ ሳይመሽ፣ በተቀበለው ሰው እጅ ነው።