እንኳን አደረሳችሁ፤ በተለይ በግድግዳ ለምትሰሙ

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ!

ቅዳሜ ማታ ነው የምጽፍላችሁ። ቄጤማው ገና ከራሴ ላይ አልወረደም። ትናንት ሌሊቱን በረንዳ ላይ ታስሮ ብሎኩን ሁሉ ሲቀሰቅስ ያደረው አውራ ዶሮ አሁን ድስት ውስጥ ነው፤ እህቴ እያማሰለችው ነው። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ "ይሄ ለጥብስ ነው እንዴ?" ተብዬ ከኩሽና ተባርሬያለሁ። ኮዬ ፈጬ እንደምታውቋት ናት። ንፋሷ አለ። ውሃ ዛሬ መጥታለች፣ ተመስገን፣ ጀሪካኑ ሁሉ ሞልቷል። መብራትም እስካሁን አልሄደም፤ ጮክ ብዬ አልናገርም እንጂ።

ብዙዎቻችሁ "ምነው ጠፋህ? ሊንክ መላክ ተውክ?" ብላችሁኛል። እውነት ነው። በቀን ሦስት አዲስ ዘፈን እየላክሁ "ይህቺን ስሙልኝ" እያልኩ የማስቸግራችሁ ሰውዬ ሁዳዴውን ሙሉ ዝም ብያለሁ። 55 ቀን ዘፈን አልሰማሁም። ሌላ ጊዜም እጾማለሁ፤ ጆሮዬ ግን ጾሞ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ቃል ስለነበረብኝ ነው።

የሦስተኛ ፎቋ እማማ በጥቅምት አረፉ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱትም ነበር። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሳቸው ልክ ከእግሬ ሥር ነበሩ። የተዋወቅነው በጠብ ነው። ቤቱን በተከራየሁ ሰሞን፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ስፒከሬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ቤዙን ለቅቄዋለሁ። ከታች ዷ! ዷ! ዷ! መጀመሪያ የዘፈኑ አካል መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ምቱ ላይ ነው ያረፈው። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ዷዷታው አላለቀም።

ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። በሩን የከፈቱልኝ የመጥረጊያውን እንጨት እንደያዙ ነው። "አንተ ነህ? ግባ" አሉኝ። ቡና ተፈልቶ ነበር። እስከ በረካ አስቀመጡኝ። ሦስተኛዋን ሲኒ እያቀበሉኝ፣ "እስቲ እሱን የሚያጓራውን ነገር እዚህ ክፈተው፤ ከላይ ሲሆን ምን እንደሚል አይሰማኝም" አሉ።

ስልኬን አወጣሁ። ከለላ ነበረች። ለማታውቋት፣ ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሷ ዋሽንግተን ተወልዳ ሜሪላንድ ነው ያደገችው። ሶል ትዘፍናለች፣ ከሥሩ ያለው ግን ኤሌክትሮኒክስ ነው። ከበሮው ብረት ለብረት ሲጋጭ ይመስላል፤ ድምፅዋ ደግሞ አባብሎ የሚያስተኛ ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2013 "ከት ፎር ሚ" የሚለውን ሚክስቴፕ ስታወጣ ነው የያዘኝ። ያኔ ስሟን ለሰው ስነግር መልሱ "ማን?" ነበር። ከዚያ በ2017 "ቴክ ሚ አፓርት" መጣ፣ በ2023 "ሬቨን"። አሁን "ማን?" የሚለኝ ቀንሷል። ትንሽ ቅር ይለኛል፤ አድናቂ የሆነ ያውቀዋል።

እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

"ማን ትባላለች?"

"ከለላ።"

"ከለላ ይሁናት። ያወጣላት ሰው ያውቃል።" ትንሽ ቆዩና፣ "በእንግሊዝኛ ነው እንዴ የምታለቅሰው?" አሉኝ።

በዚህ ተጀመረ። በየእሑዱ እወርዳለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን አዲስ ነገር ይዤ። ከተማ ውስጥ ያሉ ጓደኞቼ "አሪፍ ነው" ብለው ያልፋሉ። እማማ አያልፉም። "ይሄ መሃሉ ላይ ተንዛዛ።" "ይሄ ልጅ ከበሮውን የሰረቀው ከሌላ ነው።" "ይቺ ቁርስ አልበላችም፣ ድምፅዋ አይወጣም።" የሚገርማችሁ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው።

እንዲህ ያለ ጆሮ ከየት አመጡት? ወጣት ሳሉ ሂልተን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሠሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፣ ዋልያስ ባንድ እዚያ ሲጫወት። "አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም" ነበር ያሉኝ። "አንሶላውን እያጠብን ከግድግዳው ወዲያ ዱም ዱም ይላል። ኦርጋኑ አልፎ አልፎ ይመጣል። ቃሉን ግን አልሰማው። እኔ ሙዚቃን ዕድሜዬን በግድግዳ ነው የሰማሁት።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳመላለስኳት። ነገሩ እኮ ልክ ነው። ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፤ የ50 ኸርዝ ቤዝ አንዷ ሞገድ ብቻዋን ወደ 7 ሜትር ትጠጋለች። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ለእሷ ምኗም አይደለም። ግድግዳው የሚያስቀረው ቀጭኑን ነው፤ ግጥሙን፣ ትንፋሹን፣ ጭብጨባውን። እማማ አርባና ሃምሳ ዓመት ሙሉ የደረሳቸው የታችኛው ግማሽ ነበር። በእሱ ግን ከእኔ በላይ አዋቂ ሆኑ።

አንድ እሑድ ሳልነግራቸው "ሸሞንሟናዬ"ን ከፈትኩ። የዋልያስ ባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆነው በአኮርዲዮን፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ብቻቸውን የቀዱት ነው። ካሴቱ ተረስቶ ኖሮ በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና አወጣው። በመሃሉ ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ነበር፤ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ጭነው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዳሉ። በ2018 "ላላ በሉ"ን ይዘው ተመለሱ። ይህን ሁሉ ላወራ አፌን ስከፍት እማማ እጃቸውን አነሱ። "ዝም በል። ይሄ የሂልተኑ ሰውዬ ነው።" ፊታቸውን አይተውት አያውቁም። በጣቱ አወቁት።

ታክሲውን ስነግራቸው "ዕቃውን ግን አልሸጠም?" አሉ። አልሸጡም አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁም።

አምና ሁዳዴ ላይ እንደ ልማዴ ቀስ አድርጌ ከፍቼ ነበር፤ ስፒከሩም በእሳቸው ትእዛዝ ስፖንጅ ላይ ከወጣ ቆይቷል። ዷ! አንዴ ብቻ። ወረድኩ። ሬዲዮናቸው ላይ በገና ነበር። "ቤዝ ቤዝ ትላለህ፣ ይኸውልህ ቤዝ" አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ እንደ ሙዚቃ አድናቂ ሳይሆን እንደ ተቀጣ ልጅ። አሥሩ አውታር ያንን የሚዝዝ ድምፅ የሚያወጣው በእንዚራው ነው፤ አውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ለቤዛቸው ሆነ ብለው ጥቂት ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሻክር ነገር፣ ይጨምራሉ፤ ያለዚያ በስልክ ስፒከር አይሰማም! ሥራው አንድ ነው። ቆዳዋ ቀድማለች። ይህን ስነግራቸው እንደ ትልቅ ግኝት ነበር የነገርኳቸው። እማማ "እና አሁን ነው የገባህ?" ብለው፣ "የከርሞውን ሁዳዴ ከኔ ጋር በገና ነው የምትሰማው፤ ዘፈኑ ለፋሲካ ይቆይህ" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። እሺ እንደምንለው።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ነበር የተጣለው። የእድሩን አግዳሚ ወንበር ስናወጣ ስናወርድ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀል ቤታቸው ገብቼ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ጣሪያው ላይ፣ ልክ ከኔ ስፒከር በታች፣ ቀለሙ ተልጧል። ክብ ነው፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል። ሁሌ አንድ ቦታ ነበር የሚመቱት። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ እስከዚያ ወንበር ተሸካሚ ነበርኩ።

አሁን ደስ ወደሚለው ልመለስ፣ በዓል ነው።

ከፊት ለፊታችን ብሎክ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አለች። ከመርካቶ በተገዛ አሮጌ ላፕቶፕ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሚባል የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ትሠራለች። የጆሮ ማዳመጫዋ ግራው አይሰማም። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ 40 ደቂቃ ይቆያል፤ ስለዚህ ዘፈኖቿ ሁሉ አጫጭር ናቸው ብዬ እቀልድባታለሁ። እማማ ዘንድ ይዣት የወረድኩ ቀን ስልኳን ከፍታ ሙቀጫውን ቀዳች፣ የሲኒውን ቀጭ ቀጭ ቀዳች፣ ከዚያ "እማማ፣ እስቲ ያንን ማንኳኳት" አለች። እማማ ሳቁ፣ መጥረጊያውን አነሱና ጣሪያውን መቱት። ሦስቴ።

ያ ዷ ዷ ዷ አሁን የዘፈኗ ኪክ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ ነው። 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ሙቀጫው ከኋላ በግማሽ ምት ዘግይቶ ይገባል፣ ልጅቷ በወፍራም ድምፅዋ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ ትዘፍናለች። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሲቆም የእማማ ሳቅ ይቀራል። ልትቆርጠው ነበር፤ ረስታው ነው የቀረው። ተይው አልኳት። ስም እስካሁን አላወጣችለትም። እማማ ሳይሰሙት ነው የተጠናቀቀው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ በበዓል ቀን ይቅር በሉኝ። እኛ አዲስ ሰው የምናደንቀው ሌላው ካደነቀው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙዚቀኛው ሚካኤል ሰይፉ "የአራዳ ልጅ"ን ሲያወጣ፣ ሌላው ሙዚቀኛ እንደገና ሙሉም "ኢትዮጵያን ሪከርድስ" በሚለው የመድረክ ስሙ ሲመጣ፣ ሙዚቃው የታተመው ዋሽንግተን ባለች ትንሽ አሳታሚ ነው፣ በሸክላ። "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ብለው ስም እንኳ አውጥተውለታል። እኛ ያኔ ኤሌክትሮኒክስ ሲባል የቴሌቪዥን ጥገና ነበር የሚመስለን። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. "ነፀብራቅ"ን ይዞ መጥቶ ታክሲው ሁሉ እስኪከፍተው ድረስ ማለቴ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ተወልደው አሜሪካ ያደጉ ሁለት ልጆች፣ ዌይናና ኬና፣ በአንድ የግራሚ ዘርፍ ውስጥ አብረው ታጭተው ነበር። ስንቶቻችን እናውቃለን? ልጅቷ ግራሚ እስክትደርስ አትጠብቁ። አሁን፣ ግራ ጆሮዋ ሳይጠገን፣ "መሃሉ ላይ ተንዛዛ" የሚላት ሰው ያስፈልጋታል።

ስለዚህ የዘንድሮ መልካም ምኞቴ ለሁሉም እኩል አይደለም።

ለቱሉ ዲምቱው ታክሲ ረዳት፦ ፍላሼን ተቀብለህ ያልታወቁ ልጆችን ዘፈን ሙሉ መንገዱን ስላስከፈትክልኝ፣ ተሳፋሪ ሲያጉረመርም "ወራጅ አለ?" ብለህ ስላስቀየስክልኝ፣ እግዜር ይስጥህ። የስፒከሬን ገመድ በነፃ ለበየድክልኝ የግቢያችን ኤሌክትሪሺያን፣ ነገ ዶሮው እኛ ጋ ነው። ለእህቴ፣ ሽንኩርቱን ስለማረችኝ። ለእማማ ልጅ፣ የመጀመሪያ ፋሲካሽ ነው ያለ እሳቸው፤ ነገ እንመጣለን፣ ብቻሽን አትፈስኪም።

ከዚያ ደግሞ ኮንሰርት በር ላይ ለምትቆሙ ጥበቃዎች፣ መኪና ለምትጠብቁ ልጆች፣ የሆቴሉን አንሶላ ለምታጥቡ እህቶች፣ ትኬቱ የወር ደመወዛችሁን ለሚያህልባችሁ ሁሉ፦ እንኳን አደረሳችሁ። የሚደርሳችሁ ቤዙ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጾሙን እፈታለሁ፤ በመጀመሪያ በዶሮው፣ ቀጥሎ በዚያች ስም በሌላት ዘፈን። ስፖንጁን ከስፒከሩ ሥር አወጣዋለሁ። ለ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ብቻ።

ሦስተኛ ፎቅ የገባችሁ አዲስ ጎረቤቶቼ፣ ሕፃን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ካሁኑ ይቅርታ። ካስቸገርኳችሁ መጥረጊያው ከሳሎኑ በር ኋላ ቆሟል። የእማማ ልጅ ቤቱን ስታስረክብ ሆን ብላ ነው የተወችላችሁ።