ድመቷ የት ነው ያደረችው?

ኅዳር ነበር። ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፤ ማታ ቁሩ አጥንት ይገባል። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚታየው።

በምሠራበት የእንስሳት ሕክምና ክፍል በዚህ ወር የሚመጣው ሰው አብዛኛው የበግ ጉዳይ ይዞ ነው። የዚያን ቀንም ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት እናት መጡ። ለበጎቻቸው ቅማል ዲያዚኖን የሚባለውን፣ በውሃ ተበርዞ የሚታጠቡበትን የተባይ መድኃኒት ሰጠኋቸው፤ አበራረዙንም አስረዳኋቸው። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «ውሻችንንም ቁንጫ ጨረሰው፤ ይሄው ይሆነዋል?» አሉኝ። ከኋላቸው ብዙ ሰው ቆሟል። «ይሆነዋል እማማ፤ እንደ በጎቹ በርዘው ይጠቡት። ብርድ እንዳይመታው ግን ፀሐይ ሳለ ይሁን» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ገና በሩን ስንከፍት እኚያው እናት በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ቆመዋል። ድመት ናት። ለሃጯ ይዝረከረካል። ቆዳዋ ሥር ሥጋዋ ይርገበገባል። መቆም አትችልም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአይጥ መርዝ ነው። እህል በሚሰበሰብበት ሰሞን ጎተራ ሥር መርዝ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው። «ኧረ ልጄ፣ በቤቴ ገብቶም አያውቅ» አሉ። ዓይኗን ገልጬ አየሁ። ብሌኗ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ያን ጊዜ ልቤ ደነገጠ። ይሄ የዲያዚኖን ዓይነት መመረዝ ምልክት ነው።

«ድመቷን አጥበዋታል?»
«አላስነካኋትም።»
«ማታ የት ነው ያደረችው?»
«ከውሻው ጋር ነዋ! ብርዱ ሲጠና ሆዱ ሥር ገብታ ነው የምታድረው።»

ውሻውን ያጠቡት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀጉሩ በቅጡ ሳይደርቅ መሸ። ድመቷ ሙቀት ፍለጋ ተለጠፈችበት፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ገላዋን ስትልስ አደረች። መድኃኒቱን የዋጠችው በገዛ ምላሷ ነው።

የዚህ መርዝ ማርከሻ የሆነውን አትሮፒን ወጋኋት። ባልደረባዬ ውሃ ለብ አድርጋ በሳሙና አጠበቻት፤ እጇን በጓንት ሸፍና፣ መድኃኒቱ በሰውም ቆዳ ይገባልና። በዚያ ብርድ የታመመች ድመት ማጠብ ራሱ ያስፈራል። ቶሎ አደረቅናት፤ የሞቀ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን በግራ በቀኟ አስቀመጥን። ለሃጯ ቀነሰ። ተመልሶ ሲመጣ መርፌውን ደገምኩላት። እናትየው ከአጠገቧ አልተነሱም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ቀና ብላ አየቻቸው።

እኔ ለእኚህ እናት ስለ ብርዱ ነግሬያቸው ነበር። ግን ብርዱ ውሻና ድመትን አንድ መኝታ ላይ እንደሚያስተኛ አላሰብኩም። «ቤት ውስጥ ድመት አለች ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያኔውኑ ነገርኳቸው።

ድመት እንደ ውሻ አይደለችም። ጉበቷ ብዙ ኬሚካሎችን እንደ ውሻ ጉበት መፍታት አይችልም። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ለእሷ ገዳይ ነው። በጉንፋን ሰሞን «እሷም አስነጠሳት» ብለው ፓራሲታሞል የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትስጡ። አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ቁንጫም ቢሆን እንስሳው ላይ ብቻ አይኖርም። እንቁላሉና እጩ ያለው መኝታው ላይ ነው፤ ጆንያውን በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግማሽ ሕክምና ነው። በደጅ ለሚያድር ውሻ ደግሞ በዚህ ወቅት ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭድ የተነጠፈበት መኝታና ጨመር ያለ ምግብ ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወዲህ ለውሻ መድኃኒት የሚጠይቀኝን ሁሉ መኝታ ሳልጠይቅ አልሰጥም፤ የቆመው ሰው የፈለገውን ያህል ቢበዛ።

ታኅሣሥ ላይ እናትየው ለገበያ ሲመጡ ጎራ አሉ። ድመቷ ድናለች። ምድጃው አጠገብ ዕንቅብ ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ያስተኟታል። «ውሻው ነው ያሳዘነኝ» አሉኝ፤ «ሲመሽ በሩ ላይ ቆሞ ያላዝናል።» ውሻው ከታጠበ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እንዳልኳቸውም በንጹሕ ውሃና ሳሙና ደግመው አጥበውታል።

«ዛሬ ማታ ያገናኟቸው» አልኳቸው።