ለፈቃዱ መተው

የፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ሲገባ ልቤ ይከብዳል። ዝናቡ ይሁን ጾሙ፣ ወይስ ከቅዳሴ በኋላ የሚመጣው ድካም፣ ምክንያቱን ለይቼ አላውቀውም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ ከዓመት ዓመት ሱባኤ የምገባበትን ጉዳይ አንሥተው ከምን እንደ ደረሰ ጠየቁኝ፤ እንዳለ ነው ብዬ ስመልስላቸው «ተዪው እንግዲህ ልጄ፣ ለፈቃዱ ተዪው» አሉኝ። ክፋት የሌለበት ምክር ነው፤ እኔም ለሌሎች ስሰጠው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ቤት ገብቼ ነጠላዬን አጣጥፌ ሳልጨርስ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ለፈቃዱ ተውን የምንለው ለምነን ስናበቃ ነው ወይስ ልመናው ሲሰለቸን?

ይህ የምንጾመው ጾም ራሱ የመጣው አንተውም ካሉ ሰዎች ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው፣ እመቤታችን ጥር 21 ቀን ካረፈች በኋላ ሥጋዋ ከሐዋርያት ተሰውሮ በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር ሲቆይ፣ እነርሱ «እንግዲህ ጌታ ወስዶታል» ብለው ወደየስብከታቸው ቢሄዱ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። እነርሱ ግን ነሐሴ 1 ቀን ሱባኤ ገቡ፤ በ14ኛው ቀንም ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ ቀበሩት። በዚህም አላበቁም። ዕርገቷን ቶማስ ብቻ አይቶ ሰበኗን፣ የተገነዘችበትን ጨርቅ፣ ይዞ ሲመጣ፣ «ቶማስ አይቶ እኛ እንዴት ይቀርብናል» ብለው በዓመቱ ያንኑ ሱባኤ ደገሙት፤ ነሐሴ 16 ቀንም የለመኑትን አዩ። አባቶች መንፈሳዊ ቅናት ይሉታል፤ እኔ ደግሞ ሐዋርያትም ይህን ያህል እንደሚቀኑ ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ካህኑ ዔሊ ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ቤቱን ሊቀጣ መሆኑን ከብላቴናው ከሳሙኤል በሰማ ጊዜ «እርሱ እግዚአብሔር ነው፤ ደስ ያሰኘውን ያድርግ» ብሎ መለሰ። ቃሉ ብቻውን ቢነበብ ከዚህ የሚበልጥ መገዛት አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ አባት ልጆቹ በመሥዋዕቱ ላይ የሚያደርጉትን ግፍ እያወቀ በአፉ ከመገሠጽ አልፎ አልከለከላቸውም፤ ያን ክፉ ወሬ ከሰማ በኋላም ወድቆ ምሕረት እንደ ለመነ አልተጻፈም። ስለዚህ መልሱን ባነበብሁ ቁጥር ትሕትና ነው ወይስ የኖረበት ቸልታ እያልሁ እጠራጠራለሁ። ንጉሥ ዳዊት ግን ሕፃን ልጁ እንደሚሞት ነቢዩ ናታን በግልጽ ነግሮት ሳለ በምድር ላይ ተኝቶ ጾመ፣ አለቀሰ። ፈቃዱን ከነቢይ አፍ ሰምቶ እንኳ ለመነ! በ7ኛው ቀን ሕፃኑ ሲሞት ሎሌዎቹ እንዴት እንነግረዋለን ብለው ሲንሾካሾኩ፣ እርሱ ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ተመልሶም እንጀራ በላ። እኔ መገዛት የምለው ይኸኛውን ነው፤ ለምኖ ለምኖ፣ የፈራው ሲደርስበት ደግሞ ሳያኮርፍ መስገድን።

ጌታችንስ ለእኛ አብነት ሊሆን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ይህች ጽዋ እንድታልፍ የለመነው ፈቃድህ ይሁን ከማለቱ በፊት አይደለምን? ያንኑም ቃል ሦስት ጊዜ ደግሞታል። አንድ ጊዜ ብቻ ለምኖ ዝም ማለት ጨዋነት ቢሆን ኖሮ፣ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን፣ አቤቱ ማረን፣ በሉ ባልተባልን ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ግን መንገዱ ጠፋብኝ። ዳዊት ከምድር የሚነሣበትን ቀን የሕፃኑ ሞት ነገረው፤ ሐዋርያትም የለመኑትን ስላገኙ ሱባኤያቸው በደስታ ተፈታ። ሆነም አልሆነም ያልተባለ ጉዳይ ይዞ ከዓመት ዓመት ሱባኤ የሚገባ ሰውስ፣ የመነሻው ቀን መድረሱን በምን ያውቃል? የንስሓ አባቴን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን «ቀኑ ደርሷል» ቢሉኝስ? ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ይህን ሁሉ የተመራመርሁት ሴትዮ፣ የአንድ ቄስ መልስ አስፈርቶኝ ተቀምጫለሁ።