አንድ ጣት የማይሞላ ክፍተት

ይህን የምጽፈው ስእለት ስላለብኝ ነው። የዚያን ዕለት ማታ፣ እግዚአብሔር ያደረገልኝን በሰው ፊት እንደምናገር ቃል ገብቼ ነበር። ሳቆየው ሕሊናዬ ዕረፍት ነሳኝ።

የትናንሽ አውሮፕላኖች መካኒክ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ተለማማጅ አለ፤ እናቱ «ከእርሱ ሌላ ማንም የለኝም፣ አደራ» ብላ በእጄ የሰጠችኝ ልጅ ነው። ያን ጠዋት ምክንያቱን ሳላውቅ ልቤ ከበደኝ። ከመሣሪያ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ የእናቱን አደራ በእጄ አታጥፋብኝ፤ እኔ ያላየሁትን አንተ አሳየኝ» ብዬ ጸለይኩ።

የዕለቱ ሥራችን የአንድ ትንሽ አውሮፕላን፣ የፓይፐር አሮው፣ ማረፊያ ጎማዎች በትክክል መታጠፋቸውንና መዘርጋታቸውን መፈተሽ ነበር። ለዚህ ደግሞ ጎማዎቹ ወለሉን እስኪለቁ ድረስ አውሮፕላኑ በክሪክ ይነሣል። የሀንጋሩን በር ዘጋን፤ ክንፍ ነፋስ ካገኘ ክሪክ ላይ የተቀመጠ አውሮፕላን አይታመንም። አፍንጫው እንዳይደፋ ጅራቱን ወለል ላይ ከሚቀመጠው ማቆሚያ ጋር አስረን በማቆሚያው ላይ ከ110 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ክብደት ጫንን። ከዚያ በሁለቱ ክንፎች ሥር ባለ ሦስት እግር ክሪኮችን አስገብተን፣ እርሱ በቀኝ እኔ በግራ፣ እኩል እኩል ማንሣት ጀመርን።

ክሪኩ የሚያነሣው በዘይት ግፊት ነው፤ ከሲሊንደሩ ወደ ላይ የሚወጣው ዘንግ፣ ፒስተኑ፣ ጥርስ አለው፤ በጥርሱ ላይ አንድ ወፍራም ዳዶ ይዞራል። ፒስተኑ ከፍ ባለ ቁጥር ዳዶውን ወደ ታች እያዞሩ ከሲሊንደሩ አፍ ማስጠጋት ግዴታ ነው። ዘይቱ ቢከዳ እንኳ ክንፉ ዳዶው ላይ ያርፋል። ይህን ለልጁ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! እኔ ግን የዚያን ዕለት ሥራው ስለዘገየ ተጣድፌ ነበርና የግራውን ዳዶ ሳላወርድ ከላይ እንዳለ ትቼ ዝም ብዬ አነሣሁ። በፒስተኑ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ራቁቱን ቀረ።

ጎማዎቹ ወለሉን ለቀቁ። ጎማ ማጠፊያውን ወደሚያንቀሳቅሰው ባልደረባዬ ለመጮህ አፌን ስከፍት፣ የጠዋቱ ጸሎት በልቤ መጣ። ድምፅ ሰማሁ አልልም፤ አልሰማሁም። ግን «እኔ ያላየሁትን አሳየኝ» ያልኩት ቃል ተመልሶ ጠየቀኝ። ዞር አልኩ፤ ዳዶውን አየሁት። ወረድ አድርጌ አዞርኩት፤ ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ጣት የማይሞላ ክፍተት ቀረ።

ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ታጠፉ። ጎማዎቹን የሚያጥፈውን ፓምፕ ኤሌክትሪክ ቆረጥን። ልጁ መብራት ይዞ ከግራው ክንፍ ሥር ገባና የጎማውን ማደሪያ ለማየት ራሱን ቀና አደረገ።

በዚያች ቅጽበት በግራው ክሪክ ውስጥ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ጎሚኒ ፈነዳ። ዘይቱ እንደ ውኃ ቧንቧ ተረጨ። ክንፉ ወረደ፤ ብረት ብረትን ሲመታ ሀንጋሩ አስተጋባ። ከዚያ ቆመ። ዳዶው ያዘው። ጎማዎቹ ታጥፈው ስለነበር በልጁና በክንፉ መካከል ሌላ የሚከለክል ምንም ነገር አልነበረም።

ልጁ በደረቱ ተስቦ ወጣ። ፀጉሩና ፊቱ በዘይት ተነክሯል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። «ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ «ተመስገን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። በኋላ ጎማዎቹን ዘርግተን፣ መቆለፋቸውን አረጋግጠን፣ ክንፉን በሌላ ድጋፍ ይዘን ቀስ ብለን አወረድነው።

ዳዶውን ሳላወርድ ትቼው እንደነበር ለልጁ በዚያው ቀን ነገርኩት። ለእናቱም ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ ልጇን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ቆመን እንድንጸልይ አደረገችን።